ህዋሱን ምን ሁን አሉት? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ስቴም ሴል፣ በአማርኛ ግንደ ህዋስ ስለሚባለው፣ ገና ሥራው ሳይለይ ሌላ ዓይነት ህዋስ መሆን ስለሚችለው ህዋስ፣ ጥቂት መስመሮች ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጅማ ከተማና ከአካባቢዋ ያልጠበቅሁት ያህል ደብዳቤ ደርሶኛል። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል አምስቱን መርጫለሁ። የተማሪዋን ጥያቄ ያስቀደምሁት ከሌሎቹ ስለሚበልጥ ሳይሆን፣ የእርሷ መልስ ከተጨበጠ የአባትየውም ሆነ የነፍሰ ጡሯ መልስ ግማሹ ያለቀ ስለሆነ ነው።

«ጋሼ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን በሰውነታችን ያለው እያንዳንዱ ህዋስ አንድ ዓይነት ዘረመል ይይዛል ብለው አስተምረውናል። ታዲያ አንዱ ዓይን፣ ሌላው ጉበት የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? አንዴ ጉበት የሆነውስ ተመልሶ ሌላ ነገር መሆን ይችላል?» (ተማሪ፣ ከቦሳ ኪቶ)

መምህርሽ በመሠረቱ ልክ ናቸው፤ ኒውክሊየሱን (ዘረመሉ የሚቀመጥበትን የህዋሱን እምብርት) አውጥቶ እንደሚጥለው ቀይ የደም ህዋስ ያሉ ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር። ልዩነቱ የሚመጣው ከዘረመሉ የትኛው ክፍል ተነብቦ በሥራ ላይ እንደሚውልና የትኛው ተጠቅልሎ እንደሚቀመጥ ነው። የጉበት ህዋስ የዓይንን መመሪያም በውስጡ ይዟል፤ ግን አይከፍተውም።

ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ ከጓሮ መማር ይቀላል። እዚህ እኛ ጋ ወርቄ የሚሉትን እንሰት ሰዎች ሲያባዙ አይተሽ ከሆነ፣ ግንዱን ከአሚቾው (አፈር ውስጥ ካለው ወፍራም ሥሩ) በላይ ጥቂት አስተርፈው ይቆርጡታል፤ ከዚያም መሐሉ ላይ ያለውን ነጭና ለስላሳ የማደጊያ ጫፍ በቢላዋ ፈልፍለው ያወጡታል፤ ክፍተቱን አፈርና ፍግ ሞልተው ይቀብሩታል። ጥቂት ሳምንታት አለፍ ሲሉ በአሚቾው ዙሪያ ችግኝ ይፈላል፤ ከአንድ አሚቾ በአሥር የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጥ። ጫፉ ሳይነካ ቢቀር ኖሮ ተክሉ አንድ ሆኖ ወደ ላይ ብቻ ያድግ ነበር። ምክንያቱም የማደጊያው ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ታች እየላከ በሥሩ ያሉት ህዋሳት ራሳቸውን ችለው እንዳይበቅሉ ይገታቸዋል። ከዚህ ሁለት ነገር ያዢልኝ። የአሚቾው ህዋሳት ሙሉ ተክል የመሆን ችሎታ ቀድሞም ነበራቸው፤ ይህን ችሎታ መጠቀም አለመጠቀማቸውን የወሰነው ደግሞ ያሉበት ቦታና ከአጠገባቸው የሚደርሳቸው መልእክት ነው። የቡና ቅጠል ቁራጭ እንኳ ተገቢው ምግብና ሆርሞን ባለበት ማብቀያ ላይ ቢያኖሩት፣ ሽል መሳይ እብጠት አውጥቶ ሙሉ የቡና ችግኝ ይሆናል።

በእንስሳት ዘንድ ግን ይህ በር ለዘለዓለም የተዘጋ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። እምነቱን ያናጋው እንግሊዛዊው ጆን ጉርደን ነው። በ1962 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጽፍ ልብ ይሏል) ባሳተመው ጥናት ከእንቁራሪት እጭ የአንጀት ህዋስ ኒውክሊየሱን አውጥቶ፣ የራሱ ኒውክሊየስ ከጠፋበት እንቁላል ውስጥ ቢከተው፣ እንቁላሉ ጤነኛ እንቁራሪት እስከ መሆን ደረሰ። የአንጀት ህዋሱ ሙሉ እንስሳ የሚሠራበትን መመሪያ አልጣለውም ነበር ማለት ነው። (ጉርደን በትምህርት ቤቱ በባዮሎጂ ከ250 ተማሪዎች መጨረሻ የወጣ ልጅ ነበር፤ ይህን የምነግርሽ ግን ማትሪኩን እንድትንቂው አይደለም።) በ1996 በስኮትላንድ የተወለደችው ዶሊ የተባለችው በግም በዚሁ መንገድ ከጡት ህዋስ ተገኘች፤ እርሷን ለማግኘት 277 ጊዜ መሞከር ግድ ብሏል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ እንቁላል ሳያስፈልግ ህዋሱን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል ወይ የሚል ነበር። የጃፓን ኪዮቶው ሺንያ ያማናካ ይህን ያደርጋሉ ብሎ የጠረጠራቸውን 24 ዘረመሎች ሰብስቦ ሁሉንም በአንድ ላይ በአይጥ ህዋስ ውስጥ ቢያስገባ፣ ጥቂት ህዋሳት ወደ ሽል ዘመናቸው ተመለሱ፤ ግንደ ህዋስ ሆኑ ማለት ነው። ከዚያ አንድ አንዱን እየቀነሰ፣ ሲጎድል ሥራው የሚበላሽበትን እየለየ፣ በመጨረሻ አራት ብቻ በቂ መሆናቸውን አገኘ። ወጥ ስታሰናጂ ጣዕሙን የሰጠው የትኛው ቅመም እንደሆነ ለማወቅ በየዕለቱ አንድ አንዱን እያስቀረሽ ከመቅመስ ብዙ አይለይም። በአይጥ የሠራው በ2006፣ በሰው ቆዳ የተሳካው በ2007 ነው፤ ከጉርደን ጋር የኖቤል ሽልማቱን በ2012 ተጋርተዋል። ስለዚህ የሁለተኛው ጥያቄሽ መልስ «ይችላል» ነው፤ ነገር ግን በራሱ ጊዜ አያደርገውም፣ ካስገደዱትም በኋላ ወደሚፈለገው አካል ደረጃ በደረጃ መምራት የግድ ነው። የሚቀጥለው ደብዳቤ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

«ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር በሽታ እንዳለበት ተነገረን። ማቀዝቀዣ ስለሌለን ኢንሱሊኑን እርጥብ አሸዋ በሞላ ሸክላ ውስጥ እናስቀምጣለን። አሁን አንድ ደላላ ልጁን ውጭ አገር ወስደን ስቴም ሴል በደም ሥሩ ቢሰጠው ከኢንሱሊን ይገላገላል ብሎኛል። ቤቴን ለመሸጥ እያሰብሁ ነው። የሰጠኝን ወረቀት አያይዣለሁ።» (አንድ አባት፣ ከሄርማታ)

ቤትዎን አይሽጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ማንም ምንም ቢልዎት የልጅዎን ኢንሱሊን አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ፤ በመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ኢንሱሊን ማቋረጥ በቀናት ውስጥ ለሞት ያደርሳል። የሸክላው ብልሃት ጥሩ ነው፤ አሸዋው እንዳይደርቅና ፀሐይ እንዳያገኘው ብቻ ይጠንቀቁ።

የላኩልኝን ወረቀት አይቼዋለሁ። ባለ ቀለምና የሚያብረቀርቅ ነው። በጀርባው የተዘረዘሩትን በሽታዎች ብቆጥር 23 ሆኑ፤ ከስኳር ይጀምርና በአከርካሪ ጉዳት፣ በኦቲዝም፣ በኩላሊት ድካም፣ በጉልበት ቁርጥማት አልፎ ራሰ በራነት ላይ ያበቃል። ለሁሉም የሚሰጠው ያው አንድ መርፌ ነው። በገበያ ቀን ለሆድ ቁርጠትም ለመካንነትም አንድ ዓይነት ሥር የሚሸጠው ሰውዬ ቢያንስ ቤት አያሸጥም።

የልጅዎ ሕመም የመጣው የገዛ ሰውነቱ መከላከያ በቆሽቱ ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ቤታ ህዋሳት ስላጠፋቸው ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው የስኳርን መጠን እየለካ ኢንሱሊን የሚያወጣ ቤታ ህዋስ ነው እንጂ ገና ምንም ያልሆነ ህዋስ አይደለም። ደላላው የሚላቸው ዓይነት ቦታዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት ከስብ ወይም ከእትብት የተወሰደ ህዋስ ነው፤ ይህ በደም ሥር ሲገባ አብዛኛው መጀመሪያ የሚደርሰው ሳንባ ነው፣ እዚያም በቀጫጭን የደም ሥሮች ተይዞ ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል። ቆሽትን ፈልጎ የሚሄድበት፣ ደርሶም ቤታ ህዋስ የሚሆንበት አንዳች የታወቀ መንገድ የለም። ሁሉን መሆን የሚችለው የሽል ዓይነት ህዋስ እንዳለ ቢሰጥ ደግሞ የባሰ ነው፤ ፀጉርና ጥርስ ሳይቀር የሚበቅልበት ቴራቶማ የሚባል ዕጢ ያወጣል።

እውነተኛው ሥራ ምን እንደሚመስል ልንገርዎት፤ ከአባት የሚጀምር ታሪክ ነውና። የሃርቫርዱ ዳግላስ ሜልተን የእንቁራሪት ሽል ያጠና የነበረ ሳይንቲስት ነው። በ1991 ሕፃን ልጁ በዚሁ በልጅዎ በሽታ ሲያዝ ምርምሩን ሁሉ ወደ ቆሽት አዞረ፤ ቆይቶም ሴት ልጁ በዚያው በሽታ ታመመች። በ2014 ከሰው ስቴም ሴል ቤታ ህዋስ የሚወጣበትን ዘዴ እስኪያሳትም ድረስ ከ20 ዓመት በላይ ወሰደበት። ዘዴው ሽሉ በማኅፀን የሚሄድበትን መንገድ በሳህን ላይ መከተል ነው። ህዋሱ መጀመሪያ የውስጠኛው ሽፋን እንዲሆን፣ ቀጥሎ አንጀት መሳይ ቱቦ፣ ከዚያ የቆሽት መነሻ፣ ከዚያም ሆርሞን አመንጪ እንዲሆን በየደረጃው የተለያየ የኬሚካል መልእክት ይሰጠዋል፤ ነገሩ ስድስት ደረጃና ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይፈጃል። አንዱ መልእክት ቢዘገይ ወይም ቢበዛ የሚገኘው ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ ሥራ የተወለደው ሕክምና ውጤት በሰኔ 2025 ታትሟል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጽፍ ልብ ይሏል)። 800 ሚሊዮን ያህል የተዘጋጁ ህዋሳት ወደ ጉበት በሚገባው የደም ሥር ከተሰጧቸው 12 ሰዎች መካከል 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን አቁመዋል። ታላቅ ውጤት ነው፤ እኔም ሳነበው ብድግ ብዬ ነበር። ግን ቀሪውንም ያንብቡት። ታካሚዎቹ አዋቂዎች ነበሩ፤ የተመረጡትም ስኳራቸው በድንገት እየወረደ ለሞት የሚያሰጋቸው ስለሆነ ነው። አዲሶቹን ህዋሳት ሰውነታቸው እንዳያጠፋቸው መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ያለማቋረጥ መውሰድ ነበረባቸው። በጥናቱ በጠቅላላ ከተሳተፉት 14 ሰዎች ሁለቱ ሞተዋል፤ የአንደኛው ሞት ምክንያት በፈንገስ የመጣ ማጅራት ገትር ነበር፣ ይህም መከላከያው የተዳከመ ሰው የሚጋለጥበት በሽታ ነው። ለ9 ዓመት ልጅ፣ በኢንሱሊን በደህና እያደገ ላለ፣ ይህ ልውውጥ ገና አትራፊ አይደለም።

ይህን የመድኃኒት ሸክም ለማቅለል ሁለት ሙከራዎች አሉ። በ2024 የቻይና ተመራማሪዎች ከአንዲት የ25 ዓመት ሴት ከራሷ ስብ የተወሰደ ህዋስ ወደ ኋላ መልሰው፣ ቤታ ህዋስ ያለበት ስብስብ ሠርተው በሆድ ጡንቻዋ ሽፋን ሥር ቢያኖሩት፣ በ75 ቀን ውስጥ ኢንሱሊን አቁማለች። እርሷ ግን ቀድሞም በጉበት ንቅለ ተከላ ምክንያት መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ትወስድ ስለነበር፣ ያለ መድኃኒቱ ምን ይሆን እንደነበር ከእርሷ መረዳት አይቻልም። በስዊድን ኡፕሳላ ደግሞ በ2025 በታተመ ጥናት፣ ከለጋሽ የተገኙ ህዋሳት መከላከያው እንዳያያቸው ዘረመላቸው ተስተካክሎ በአንድ ሰው ክንድ ጡንቻ ውስጥ ተተከሉ፤ ያለ መድኃኒትም በሕይወት ቆይተው ኢንሱሊን አመንጭተዋል። መጠናቸው ትንሽ ስለነበር ሰውየው ኢንሱሊን መውጋቱን አላቆመም። ዓይንዎን ማቆየት የሚገባዎት እዚህ መንገድ ላይ ነው።

ደላላው ተመልሶ ከመጣ አራት ነገር ይጠይቁልኝ፤ ህዋሱ ከማን ተወሰደ፣ ከመሰጠቱ በፊት ምን እንዲሆን ተደረገ፣ የት ደርሶ እንደሚቀመጥ በምን ይታወቃል፣ ችግር ቢፈጠር ልጁን ማን ይከታተለዋል? ለምን እንደዚህ አብዝቼ እንደማስጠነቅቅ ሁለት የዓይን ታሪኮች ያስረዳሉ። በ2014 በጃፓን ኮቤ የማሳዮ ታካሃሺ ቡድን በ70ዎቹ ዕድሜ ላይ ለነበሩ አንዲት ሴት፣ ከገዛ ቆዳቸው የተሠራ ስስ የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል) ሽፋን በአንድ ዓይናቸው ብቻ ተከለ፤ የዓይናቸው መድከም ቆመ። ለሁለተኛው ታካሚ በተዘጋጀው ህዋስ ላይ የዘረመል ለውጥ በመታየቱ ግን ሥራው ተቋረጠ። በ2015 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ሦስት አረጋውያን ሴቶች እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለው ከስባቸው የተወሰደ ህዋስ በሁለቱም ዓይናቸው በአንድ ቀን ተወጉ፤ ሦስቱም ዓይነ ስውር ወይም ለዚያ የቀረቡ ሆኑ። የመጀመሪያዎቹ በጥርጣሬ ምክንያት ያቆማሉ፤ ሁለተኛዎቹ ሁለቱንም ዓይን በአንድ ቀን ይወጋሉ።

«እንሽላሊት ጅራቷ ቢቆረጥ ይበቅልላታል። የእኛ ጣት ለምን አይበቅልም?» (የልጆች እናት፣ ከፈረንጅ አራዳ)

ለእንሽላሊቷም ቢሆን የሚበቅለው የቀድሞው ጅራት አይደለም፤ በአጥንት አንጓ ፈንታ የለስላሳ አጥንት ቱቦ ነው ያለው። በዚህ ረገድ የሚያስደንቀው አክሶሎትል የተባለው፣ በውኃ የሚኖር እንሽላሊት መሳይ የሜክሲኮ እንስሳ ነው፤ እግሩን ከነአጥንቱና ከነነርቩ አስተካክሎ ያበቅላል። እኛ ዘንድ ቁስሉን ጠባሳ ቶሎ ይዘጋዋል፤ ፍጥነቱ ደም ከመፍሰስና ከመመርቀዝ ያድናል፣ ዳግም የማደጉን ዕድል ግን ይወስዳል። ሆኖም የትንሽ ልጅ ጣት ጫፉ ብቻ ከተቆረጠና የጥፍሩ መሠረት ከተረፈ፣ ጫፉ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ ቡና ወይም አመድ ሳይደረግበት በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

«ሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ውጭ አገር የምትኖር እህቴ የልጁ የእትብት ደም በክፍያ እንዲቀመጥ ካልተደረገ ወደፊት ይቆጨሻል ትለኛለች። ዋጋው ከባድ ነው። ምን ይመክሩኛል?» (ከመንደራ)

የእትብት ደም፣ ደም የሚሠሩ ግንደ ህዋሳት ስላሉበት፣ ዋጋ ያለው መሆኑ እውነት ነው። በ1988 በፓሪስ ኤልያን ግሉክማን የተባሉ ሐኪም ፋንኮኒ የተባለ በዘር የሚወረስ የደም ማነስ ለነበረበት የ5 ዓመት ልጅ የእትብት ደም ሰጥተው አድነውታል፤ ዛሬም ይህ ደም ለተወሰኑ የደም በሽታዎች በመቅኔ ንቅለ ተከላ ምትክ ያገለግላል። ግን እህትዎ ያልነገሩዎት ነገር አለ፤ ልጁ የዳነው በራሱ ሳይሆን አዲስ በተወለደች እህቱ የእትብት ደም ነው። አንድ ልጅ ከዘረመል የመጣ የደም በሽታ ቢይዘው፣ ተቀምጦ የቆየው የራሱ ደምም ያንኑ ስሕተት ይዟል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 ያወጣው መመሪያም በክፍያ ለራስ ከማስቀመጥ ይልቅ ለሕዝብ ባንክ መለገስን የሚደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። የሚለየው በቤተሰቡ ውስጥ አሁን በንቅለ ተከላ የሚድን በሽታ ያለበት ወንድም ወይም እህት ካለ ብቻ ነው።

ያለ አንዳች ክፍያ ማድረግ የሚችሉት ነገር ግን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እትብቱ ከመታሰሩ በፊት ከ1 እስከ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመክራል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደሙ ወደ ሕፃኑ ስለሚያልፍ የብረት ክምችቱ ይጨምራል። ይህን ለአዋላጇ አስቀድመው ይንገሯት። እትብቱን የት ማስቀበር እንደሚሹ ግን የእናንተ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

«ያለ ወንድ ዘርና ያለ ሴት እንቁላል ሰው በላብራቶሪ ተሠራ የሚል ወሬ ተማሪዎቼ ያመጡብኛል። እውነቱ ምን ያህል ነው? ለምንስ ይጠቅማል?» (የመድረሳ መምህር፣ ከጅሬን)

ኡስታዝ፣ ሃይማኖታዊ ፍርዱን ለእርስዎና ለዑለሞች ትቼ የሆነውን ብቻ ልንገርዎት። ሰው አልተሠራም። በ2023 በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም የያዕቆብ ሃና ቡድን የሰው ስቴም ሴሎችን በተወሰነ መጠን ቀላቅሎ፣ በራሳቸው ተደራጅተው የ14 ቀን ሽል የሚመስል ቅርጽ እንዲይዙ አድርጓል። ከስብስቦቹ በአግባቡ የተደራጁት ከመቶ ጥቂቱ ብቻ ናቸው። የሚመታ ልብም ሆነ አንጎል የላቸውም፤ ግን የእንግዴ ልጅ ክፍል የሚሆኑ ህዋሳት ስለነበሯቸው ያመነጩት ሆርሞን በእርግዝና መመርመሪያ ላይ «አዎንታዊ» ውጤት አሳይቷል። ወሬው የመጣው ሳይሆን አይቀርም ከዚህ ነው። የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2021 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለውን ሞዴል በሰውም ሆነ በእንስሳ ማኅፀን ውስጥ ማስገባትን ከልክሏል።

14 ቀን የተባለውም በዘፈቀደ አይደለም። በዚያ ሰሞን በሽሉ ላይ አንድ መስመር ይታያል፤ ራስና እግር፣ ግራና ቀኝ የሚለዩት ከእርሱ ነው፣ ከዚያ በኋላም አንዱ ሽል ለሁለት ተከፍሎ መንታ አይሆንም። በብሪታንያ በሜሪ ዋርኖክ የተመራው ኮሚቴ በ1984 ምርምር ከዚህ ቀን እንዳያልፍ ያሳሰበው ይህን መሠረት አድርጎ ነው።

ጥቅሙን በተመለከተ፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ በማኅፀን ውስጥ ሊታይ የማይችል፣ ነገር ግን ብዙ የሚበላሽበት ወቅት ነው። አንጎልና አከርካሪ የሚሆነው ቱቦ ከፅንሰቱ እስከ 28ኛው ቀን ድረስ መዘጋት አለበት፤ ካልተዘጋ ሕፃኑ ጀርባው ክፍት ሆኖ ወይም የራስ ቅሉ ሳይሞላ ይወለዳል። ብዙ ሴቶች በዚያ ቀን እርጉዝ መሆናቸውን ገና በቅጡ አያውቁም። በ1991 የታተመ የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የፀነሱ እናቶች ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ ችግሩ የሚደገምበት ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ኪኒኑ የሚሠራው ግን ከፅንሰቱ በፊት ከተጀመረ ነው፤ የቅድመ ወሊድ ክትትል ሲጀመር ቱቦው ወይ ተዘግቷል ወይ ሳይዘጋ ቀርቷል። ስለዚህ ከተማሪዎችዎ ኒካህ ለማሰር የተዘጋጁ ካሉ፣ ሙሽሪት በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ከወዲሁ እንድትጀምር ይንገሩልኝ፤ ቀድሞ እንዲህ ያለ ፅንስ ያጋጠማት እናት ደግሞ የሚያስፈልጋት 4 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ ሌላ ከማሰቧ በፊት ሐኪም ዘንድ ትሂድ።